ኳሷ በግ አልበላችም

በዚህ ከተማ ሐኪም ተፈልጎ ይታጣል፤ ቧንቧ ሠራተኛም ተፈልጎ ይታጣል። የኳስ አሰልጣኝ ግን ተፈልጎም ሳይፈለግም ታጥቶ አያውቅም። እስኪ ሻይ ቤት ግቡና «ቡድናችን ትናንት ለምን ተሸነፈ?» ብላችሁ አንዴ ተንፍሱ። አስተናጋጁ፣ ሊስትሮው፣ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበው ጡረተኛ ሳይቀሩ አሰላለፉን ያስተካክሉላችኋል። ተጫዋች ለመሆን ጉልበት ያስፈልጋል፤ ዳኛ ለመሆን ድፍረት ያስፈልጋል፤ ለአሰልጣኝነት ግን መቀመጫ ከተገኘ ይበቃል። እኔ ራሴ ስንቱን ቡድን ለዋንጫ አብቅቼዋለሁ! ያው ከወንበሬ ሳልነሣ ነው።

ደብተርና ፊሽካ ያለው፣ የምር የሆነ አሰልጣኝ ግን በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው የገጠመኝ። እሱም የሃያ ሁለት ሰፈር ጤና ቡድን በረኛ በነበርኩበት ዘመን ነው። ጤና ቡድን ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ፦ አርባን የተሻገረ፣ ሐኪሙ «እንቅስቃሴ አድርግ» ያለው፣ ሚስቱ ደግሞ «እስኪ ትንሽ ከፊቴ ዞር በል» ያለችው ወንድ ሁሉ እሑድ ማለዳ ቁምጣ ለብሶ የሚገናኝበት ማኅበር ነው። ግማሽ ሰዓት ኳስ ይገፋል፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ስለዚያ ግማሽ ሰዓት ያወራል። ጤናው የሚገኘው ከወሬው ነው።

ሜዳችን ከቦሌ መድኃኔዓለም ወደ ገርጂ ሲወርዱ የነበረው ሣር ነው። ዛሬ ብትሄዱ ሜዳውን የምታገኙት ከስድስት ፎቅ ሥር ነው፤ ያኔ ግን ከብት ይግጥበት ነበር። እኔ ከምጠብቀው ጎል አጠገብ የማትጠፋ አንዲት ቡራቡሬ ላም ነበረች። በአንድ ክረምት ከእኔ ይልቅ ብዙ ኳስ ያዳነችው እሷ ናት ቢሏችሁ አትጠራጠሩ። አውሮፕላን ለማረፍ ሲመጣ ደግሞ በጣም ዝቅ ስለሚል፣ ጎማው አናታችንን የሚነካን እየመሰለን ሁላችንም ጎንበስ እንል ነበር። አንዳንዱማ አንዴ ጎንበስ ካለ በዚያው ያርፋል።

ጣጣ የመጣብን ከማዶ ነው። ከወንዙ ወዲያ ያሉ ሰዎች እነሱም ለካ ሐኪምና ሚስት አላቸው፤ ጤና ቡድን አቋቋሙና ሜዳውን እኛ በምንጫወትበት ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፈለጉት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሜዳው የጎረምሶች ነው፤ የጎረምሳ ኳስ ደግሞ ደረት ላይ ካረፈ ለቅሶ ያስቀምጣል። ስለዚህ ያለችው ያቺ አንዲት ሰዓት ናት። የኛ አምበል ሐጎስ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው፣ ግርማ ከሚባለው ባለወፍጮ፣ ከማዶዎቹ አለቃ ጋር ሦስት እሑድ ተጨቃጨቀ። በመጨረሻ ጉዳዩ ቀበሌ ደረሰ። የቀበሌው የስፖርት ኮሚቴ ሰውዬ ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራስ አየና «ተጋጠሙ። ያሸነፈ ሰዓቷን ይውሰድ፤ የተሸነፈ ቤቱ ገመድ ይዝለል» ብሎ ፈረደ። ቀኑም ተቆረጠ፤ ለደብረ ዘይት እሑድ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ሳቅን እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሌላ ሜዳ የለንም። ሰዒድ፣ ሃያ ሁለት አደባባዩ ጥግ ሱቅ ያለው የወሎ ሰው፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሐኪም አስጠንቅቆታል። «ወላሂ ይቺ ሰዓት ከሄደች እኔ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጬ እንደ ጆንያ ነው የማብጠው» አለ። የሐጎስም ደም ግፊት ከሱ የተሻለ አልነበረም። እኔማ፣ ምን ልበላችሁ፣ እሑድ ማለዳ ከቤት የምወጣበት ሌላ በቂ ምክንያት አልነበረኝም።

እንዲህ ተጨንቀን ሳለ ነው ሐጎስ የሚስቱን ወንድም፣ ኪዳኔን፣ ያመጣልን። ኪዳኔ ስፖርት ሊማር ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ ነበር፤ እሱ ትምህርቱን ሳይጨርስ አገሪቱ ቀድማ ጨረሰች። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ አገር የተዘጋበት ተማሪ ግን ከኪዳኔ በቀር አላየሁም። ይዞ የተመለሰው አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ ፊሽካ ነበር። ደብተሩ ውስጥ ቀስት፣ ክብ፣ ቁጥር እንጂ ሌላ የለም። ያንን ያየን ዕለት ዋንጫ የበላን መሰለን።

የመጀመሪያው ልምምድ በደብተሩ መሠረት ሆነ። ኪዳኔ ፊሽካውን ነፋና «ለማሟሟቅ ያህል ሜዳውን አሥር ጊዜ ዙሩ» አለን። ለማሟሟቅ ነው ያለው፣ ልብ በሉልኝ! እኛ በዚያ ሜዳ ስንት ዓመት ስንጫወት ዙሪያ እንዳለውም አናውቅም፤ የምናውቀው መሐሉን ነው። በሁለተኛው ዙር ሐጎስ የጫማውን ክር ሊያስር ቆመ፤ አሥሩ ዙር እስኪያልቅ አስሮ አልጨረሰም። ሰዒድ ላሚቱ ዘንድ ሲደርስ ቀንዷን ይዞ «አብሽሪ» አላት፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አልታወቀም። የታክሲው ሾፌር በቀለ፣ የኛ የክንፍ ተጫዋች፣ አራተኛው ዙር ላይ እሱ ራሱ ሜዳ ዳር ተቀምጦ ታክሲ ጠራ። እኔ በረኛ የሆንኩት ሩጫ ሽሽት ስለሆነ ላብራራ አልፈልግም፤ ብቻ ሰማዩን ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ጉዱ የወጣው ግን ማግስቱን ነው። በቀለ ፍሪሲዮን መርገጥ አቅቶት ሦስት ቀን ሙሉ ከሃያ ሁለት እስከ መገናኛ በሁለተኛ ማርሽ ብቻ ተመላለሰ፤ ተሳፋሪው «ምነው፣ ሬሳ ጭነሃል እንዴ?» ይለው ነበር። ሰዒድ እጁን ማንሣት ስላልቻለ ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ ለጠየቀው ሁሉ «አልቋል» ይላል፤ ሰፈሩ ያንን ሳምንት ከታች መደርደሪያ ባለው ሳሙናና ክብሪት ብቻ ኖረ። እኔ ደግሞ ደረጃ የምወርደው እንደ ሸርጣን በጎኔ ነበር።

ረቡዕ ማታ ሐጎስ ሱቅ ተሰብስበን ኪዳኔን ልናሰናብት ወሰንን። ሐጎስ ከሁሉ በላይ ተቆጥቶ «ዋይ! እህትህን አግብቼ እንጂ ወታደር ቤት ገብቼ አይደለም» አለው። ኪዳኔ ይከራከራል ብለን ስንጠብቅ ደብተሩን ዘጋው። «ጥፋቱ የኔ ነው። ደብተሩ ስህተት የለበትም፤ የተጻፈው ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለሠለጠኑ ሰዎች ነው። እናንተ የት እንዳላችሁ ሳላይ፣ መድረስ ካለባችሁ ቦታ ጀመርኩ» አለ። አንድ ሳምንት ስጡኝ፣ ምንም አላሠራችሁም፣ ዝም ብዬ ብቻ ልያችሁ አለ።

ምንም የማያሠራ አሰልጣኝ ማን ይጠላል? ፈቀድንለት።

ያ ሳምንት ነው የማወቅ ጉጉቴን የቀሰቀሰው። ሰውዬው ምን ያያል? የሰዒድ ሱቅ በር ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጦ የስኳር ጆንያ ሲያነሣ ያየዋል። በበቀለ ታክሲ ከፊት ወንበር ሆኖ አራት ጊዜ ተመላለሰ። እኔ ቤት መጣና ሻይ እየጠጣ፣ ከሶፋው ስነሣ ስንት ጊዜ እጄን እንደምደገፍ ቆጠረ። ልብስ ሊሰፋልን ነው ወይስ ሊቀብረን ነው የሚለካን? አንድ ቀን መጸዳጃ ቤት ሲገባ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ። የሰው ወረቀት ማንበብ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ በፍጥነት አነበብኩት። «ሐጎስ፦ ትእዛዝ ይሰጣል፣ አይቀበልም፤ አርባ እርምጃ ይሮጣል። ሰዒድ፦ ከቆመ የሚነቀንቀው የለም፤ እንዲቆም ማድረግ። በቀለ፦ ፍጥነት አለው፣ ኳስ አይሰጥም፤ እጅ ሲያይ ግን ይቆማል።» ከታች የኔ አለ፦ «በረኛ፦ መውደቅ ይችላል፤ መነሣት ይቀረዋል።»

ተቆጣሁ። ተቆጥቼ አሰብኩበት፤ አስቤበት አፈርኩ። ባለቤቴ እንኳ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ አጥርታ አልጻፈችኝም።

በማግስቱ ልምምዱ እንደ አዲስ ተጀመረ፤ አጀማመሩ በእግር መሄድ ነበር። አዎ፣ መሄድ! «ሊያመልጠው የደረሰ ታክሲ ያየ ሰው እንዴት ይሄዳል? እንደሱ ሂዱ» ይለናል። ያንን ሁላችንም እናውቅበታለን። ከዚያ ሃያ እርምጃ ሩጫ፣ ሃያ እርምጃ ወሬ። ሐጎስ «ይሄ ልምምድ ነው ወይስ ሰርግ አጀባ?» ብሎ ሲያሾፍ፣ ኪዳኔ «ጋሽ ሐጎስ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? የእርስዎ ገና አልተፈለፈለም» አለው። በቀለን ኳስ ለማስለቀቅም ዘዴ ተገኘለት። አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ወራጅ አለ!» ብሎ መጮህ ነው። የበቀለ እግር ከጭንቅላቱ ሳይማከር ፍሬን ይይዛል፤ ኳሷ ከእግሩ ትወርዳለች። በሃያ ዓመት የታክሲ ሥራ የተሠራ እግር ነው፤ የትኛው የጀርመን ደብተር ያንን ይሰጣል?

እንዲህ ደህና ስንጀምር ሁዳዴና ረመዳን እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። የዚያን ዓመት ነገር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ ሁለቱ ጾሞች ባንድ ሰሞን ሆኑ፤ ከተማው ቀኑን ሙሉ አፉን ዘግቶ ዋለ። ቡድናችን ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው። አሁን ኪዳኔ ምን ይዋጠው? ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንዳያሠራን፣ እነ ሰዒድ ሌሊት በልተው ጠግበው ይመጣሉ፤ እኛ ግን ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስንም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አንቀምስም። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዳያሠራን፣ እኛ በልተናል፤ እነ ሰዒድ ደግሞ ምራቃቸው ደርቋል። በማንኛውም ሰዓት ግማሹ ቡድን ሙሉ ታንክ ነው፣ ግማሹ ባዶ።

ኪዳኔ ሁለት ቀን ጠፋና አዲስ ሕግ ይዞ መጣ፦ የበላ ይሮጣል፣ የጾመ ይቆማል። ማለዳ እነ ሰዒድ ይሮጣሉ፤ እኛ እንደ ግንብ ቆመን ኳስ መቀበል እንለማመዳለን። ማታ ይገለበጣል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉም ሰው መሮጥንም መቆምንም ቻለ። ሰዒድ ማለዳ ማለዳ እየጋለበ ሲያልፈኝ «ምነው በረኛው፣ ሹሮው መቼ ነው የሚደርስልህ?» ይለኛል፤ እኔም ማታ ላይ ጥላ ሥር ቆሞ ምራቁን ሲውጥ ሳየው «ሰዒዶ፣ ፀሐይዋ ዛሬ የምትጠልቅ አትመስልም» እለዋለሁ። እንዲህ እየተበሻሸቅን በሦስተኛው ሳምንት ሜዳውን ሦስት ጊዜ ሳናርፍ ዞርን። ሦስት ጊዜ! እኔ አምስት ነው ብዬ ነው ለልጆቼ የምነግራቸው፤ እናንተ ግን የቅርብ ሰዎች ናችሁ።

ኪዳኔ ለደብረ ዘይት እሑድ ያወጣው ዕቅድ እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነበር። ጨዋታው ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ ክርስቲያኑ በልቷል፣ ይሮጣል፤ ሙስሊሙ ጾሟል፣ ተከላካይ ሆኖ ይቆማል። ምን ይጎድለዋል? ምንም። ያልታሰበው ሰማዩ ነው። ቅዳሜ ሌሊት የጀመረው የበልግ ዝናብ እሑድ እኩለ ቀን ድረስ ወረደ፤ ሜዳችን ሐይቅ ሆነ፤ ዳክዬ ብቻ ነው የጎደለው። የቀበሌው ሰውዬ ጃንጥላውን እንደያዘ «ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት» ብሎ አዛወረው። እኛ እልል አልን። የአምስት ሳምንት ዕረፍት፣ በላዩ ላይ ፋሲካ! ኪዳኔ ብቻ ነው ፊቱ የገረጣው። «ዕቅዱ የተሠራው ለጾመኛ ነው። እናንተ ልትፈስኩ ነው» አለ። ሐጎስ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «የበላ ሰው ይበረታል እንጂ ይደክማል እንዴ?» አለው።

እነ ሰዒድ ዒድ አል ፈጥራቸውን ቀደም ብለው በልተው ስለነበር፣ ቢያንስ እነሱ ቀልጠፍ ብለው ይጠብቁናል ብለን ተስፋ አድርገን ነበር። ግን ፋሲካን ለብቻ በልቶ ጎረቤትን በሩቁ ማስጎምጀት በኛ ሰፈር አልተለመደም። ሐጎስ ለሙስሊም ጓደኞቹ ለብቻ ሙክት በግ ገዝቶ፣ ሰዒድ ራሱ በእጁ እንዲያርድ ጠራው፤ ድስቱም፣ ቢላውም፣ ትሪውም ለብቻ። ሰዒድ አረደ፣ ባረከ፣ ከወንድሞቹ ጋር ሦስት ቀን ተመላለሰ። በኛ ትሪ የሆነውንማ አልናገርም፤ ዶሮዎቹ ቢነሡ ይመሰክራሉ።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሜዳው ላይ የተገኘውን ቡድን ኪዳኔ አላወቀውም። የሐጎስ ማሊያ ከእምብርቱ በላይ ቀርቷል። ሰዒድ ሲመጣ ሆዱ ቀድሞ ደረሰ፤ እሱ ቆይቶ ተከተለ። ጨዋታው ተጀመረ፤ እኛም እንደ ተለማመድነው ሮጥን፤ አምስት ደቂቃ። ከዚያ የሰማሁት የትንፋሽ ድምፅ፣ በዚያች ሰዓት ያለፈውን አውሮፕላን ዋጠው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ማዶዎቹም ፋሲካን በልተዋል፤ ግን እንደኛ ሙክት አልታረደላቸውም መሰለኝ፣ ይሮጣሉ። ግርማ ባለወፍጮው በሃያኛው ደቂቃ አንድ አገባብኝ። ወደቅኩ፤ መውደቅ እችላለሁ ብያችኋለሁ።

ለዕረፍት ስንወጣ ሁሉም ሣሩ ላይ ተዘረረ። ሰዒድ አንጋጦ «ያ ረቢ፣ ሜዳችን ሄደች» አለ። ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። ሐጎስም የሚሰጠው ትእዛዝ አጣ። ኪዳኔ ዕቅዱ ያለበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና መሐላችን ቁጢጥ አለ። አልተቆጣም። እንደ ሐኪም ነው የጠየቀን። «መሮጥ የሚችል ማነው?» አለ፤ ማንም። «ፈጠን ብሎ መሄድ የሚችልስ?» በቀለ እጁን ግማሽ ድረስ አነሣ። «እሺ፣ መቆም የሚችል?» ሁላችንም ተያየን፤ መቆምማ አናጣም። ያን ጊዜ ኪዳኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና «በቃ፣ ቆማችሁ ተጫወቱ። እናንተ በልታችኋል፤ ኳሷ በግ አልበላችም፤ እሷ ትሩጥ» አለን።

ቆምን። እንዴት ያለ አቋቋም! እያንዳንዳችን አንድ አንድ ቦታ እንደ ስልክ እንጨት ተተክለን ኳሷን ካንዱ ላንዱ እንለቃለን። በጾም ወራት ቆሞ መቀበልን ሁለቱም ሃይማኖት ተለማምዶታል። ማዶዎቹ ኳሷን ሲያሳድዱ፣ ከዚህ ስትነሣ ከዚያ ስትደርስ፣ በሃያ ደቂቃ ምላሳቸው ወጣ። አንዴ ብቻ ግርማ የእኛን ጩኸት ሰምቶ ነገሩ ገብቶት እጁን አውጥቶ «ወራጅ አለ!» ሲል በቀለ ኳሷን በአክብሮት ለግርማ አወረደለት፤ እግዜር ይስጠውና ግርማ ከጎሉ ውጭ መታት። ሐጎስ አንድ እርምጃ ሳይነቃነቅ ከቆመበት መትቶ አቻ አደረገን። ሊያልቅ ሲል ደግሞ በቀለ አክርሮ የላካት ኳስ ከማዶዎቹ ጎል ፊት የቆመውን የሰዒድን ሆድ መታችና ነጥራ ገባች። ሰዒድ ዞር ብሎ «ማን አገባት?» ብሎ ጠየቀ።

ሰዓቷ የኛ ሆነች። ያን ቀን እንዴት እንደ ጨፈርን አትጠይቁኝ፤ ያው ቆመን ነው።

በተከታዩ እሑድ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ሜዳ ደረስኩ። ኪዳኔ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ቆሟል። ጠበቅን። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት። ሐጎስ የለም፣ ሰዒድ የለም፣ በቀለ የለም። ሰዓቷ እንዳትነጠቅ ብሎ ዶሮ ሳይጮህ ይነሣ የነበረ ቡድን፣ የራሱ ከሆነች በኋላ ተኝቶላታል። ኪዳኔ ሣሩን በእግሩ እየጫረ «ጋሼ፣ እግራችሁን ለካሁ፣ ሆዳችሁን ለካሁ፣ ሰዓታችሁን ለካሁ። ከአልጋ የሚያስነሣችሁ ምን እንደሆነ ግን አልለካሁም» አለኝ።

ቀና ስንል ማዶዎቹ ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ማሊያቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥብቀው። ግርማ ተነሥቶ «እናንተ ስትጨርሱ ጥቂት እንድንረግጣት ብለን ነው፤ ቅር ካላላችሁ» አለ። አሥር ነበሩ። በረኛቸው በሆድ የገባበት ጎል አሳፍሮት ኳስ አቁሟል። ኪዳኔ እነሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊሽካውን ነፋ፤ «ለዛሬ በመሄድ እንጀምራለን» አለን፤ ጎሉ ውስጥ እኔ ቆምኩ።

ማክሰኞ ዕለት ለመኪናዬ ካንዴላ ልገዛ ሐጎስ ሱቅ ስገባ ሐጎስ ትንሽ እንዳፈረ ሆኖ «እሑድ ቤት እንግዳ መጥቶብኝ ቀረሁ እኮ። ለመሆኑ በሰዓታችን ልምምድ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ነበር አልኩት። ስንት ሰው መጣ አለኝ። አሥራ አንድ፣ ሙሉ ቡድን አልኩት። ፊቱ በራ፤ «ታዲያስ! ያ ሁሉ የኪዳኔ ድካም ከንቱ አልቀረም ማለት ነው» ብሎ ካንዴላውን በነፃ ሰጠኝ። አልዋሸሁትም። የማሊያውን ቀለም አልጠየቀኝም።